የአክስቴ ካፖርት የተቆለፈልኝ ቀን

ሞቼ አላውቅም። ሰው ግን እንደ ሞተ ሰው ሲያየኝ አይቻለሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ቦታው አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወደ ታች ወረድ ብሎ ያለ መንደር። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ብዙነሽ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት አለኝ። በዚያን ጊዜ ዲግሪዬን ለመያዝ ቅዳሜና እሁድ እማር ነበር። ክፍላችን ውስጥ ልጅ የሚባል የለም፤ የባንክ ሠራተኛ አለች፣ ከፋብሪካ ፈረቃው ወጥቶ እያንጎላጀ የሚማር አለ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ብላ የምትመጣ እናት አለች። የደብረ ብርሃን የጧት ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርበን፣ ከአፋችን እንፋሎት እየወጣ የምንማር ትልልቅ ሰዎች ነበርን።

ወፍራም ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም ነኝ፤ ማንም ነውር ነው ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም አገር ቤት ስሄድ "እሰይ! ተመችቶሻል!" ነው የምባለው። "ከሳሽ" መባል ነበር ስድቡ።

ነገሩ የተበላሸው በወንበር ነው። ኮሌጁ አዳዲስ ወንበሮች አስገባ፤ እነዚያ በቀኝ በኩል መጻፊያ ጣውላ የተገጠመላቸው። እንዴት እንደገባሁበት እግዜር ይወቅ፣ ብቻ ገብቼ ተቀመጥኩ። መምህሩ ጥያቄ ጠየቀና "እስቲ ብዙነሽ፣ ተነሺና መልሺ" አለኝ። ተነሳሁ። ወንበሩም አብሮኝ ተነሳ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ራሱ "ወንበሩም መልስ አለው መሰለኝ" አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሁለት ጓደኞቼ ወንበሩን ወደ ታች ጎትተው ይዘውልኝ እንደ ቡሽ ተነቅዬ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ሳቄን አላቋረጥኩም። በሩን ዘግቼ ግን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት የባንኳ ሰናይት አጠገቤ መጥታ "አይዞሽ፣ የሚረዳሽ ነገር አለ" ብላ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። "ቀጠን ለምረቃ" ይባላል። የክፍላችን ሴቶች ሁሉ አሉበት። ማን ምን እንዳልበላ ነው የሚጻፍበት። "ዛሬ በሎሚ ውሃ ብቻ ዋልኩ" ትላለች አንዷ፤ ሌሎቹ ጭብጨባ ይደረድሩላታል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ እልኸኛ ነኝ።

ሚዛን አልነበረኝም። መናኸሪያው በር ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ሰውዬ አለ፤ ግን ኪሎውን ለገበያ እንደሚጣራ ሰው ጮክ ብሎ ስለሚናገር አፈርኩ። ስለዚህ ሚዛኔ የአስካለ ካፖርት ሆነ።

አስካለ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታናሽ እህት። ዕድሜያችን ስለማይራራቅ እንደ እህት ነው ያደግነው። መልካችን አንድ ነው፤ ዓይናችን፣ አገጫችን፣ አረማመዳችን ሳይቀር። ልዩነታችን እሷ ሸንቃጣ፣ እኔ ድብልብል መሆናችን ብቻ ነበር። ጉሮሮዋን ታመመችና እህል አልወርድ አላት። ሐኪሞቹ አንኮበር እናቷ፣ አያቴ እምዬ ዘንድ እንድትሆን መልሰው ላኳት፤ እዚያው በእምዬ እጅ ላይ ሞተች። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። መንገዱ ሲከፈት አጎቴ ጋሼ ጌታነህ በአንድ ሹፌር እጅ አረንጓዴ የሱፍ ካፖርቷን ላከልኝ። "ለብዙነሽ ስጧት ብላለች" አለኝ በስልክ። ታምማ ፀሐይ ስትሞቅ ከላይዋ የማይወርድ ካፖርት ነበር።

ልለብሰው ስል ክንዴ እንኳ በቅጡ አልገባም። ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ግሩፑ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን እሁድ እሁድ አውርጄ መለካት ጀመርኩ። መጀመሪያ እጅጌው ገባ። ቀጥሎ ጫፍና ጫፉ ተያየ። ሟቿ በካፖርቷ በኩል "ትንሽ ቀረሽ፣ ነይ" የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ይህ አላስፈራኝም፤ ደስ ነበር የሚለኝ። ይታያችሁ!

ጾም የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ቶሎ ይነቃብኝ ነበር። እኛ አገር "ጾም ነኝ" ያለን ሰው "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፤ ፋሲካ ሲያልፍ "ስእለት አለብኝ" አልኩ። አከራዬ እትዬ ዘነበች "እንዴት ያለሽ መንፈሳዊ ልጅ ነሽ!" እያሉ ይመርቁኝ ጀመር። እኔ ግን የምጾመው ለካፖርት ነበር።

ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ መጣ። የወር አበባዬ ቀረ። ስነሳ ዓይኔ ይጨልምብኛል። የማስተምራቸው ሕፃናት ተሰልፈው ሲገቡ እጄን ለመያዝ ይጣሉ ነበር፤ አንድ ቀን አንዷ ልጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝና "ቲቸር፣ እጅሽ ያስፈራል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሚይዘኝ ጠፋ። ግሩፑ ውስጥ ግን ንግሥት ሆንኩ። "የብዙን ሚስጥር ንገሩን!" ይላሉ።

አንድ እሁድ ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች ተቆለፈልኝ። መስታወቱ ፊት ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መቆለፉን እንጂ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ መዋሉን አላየሁም። በዚያው ሳምንት ጋሼ ጌታነህ ደወለ፤ "የአስካለ ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው። ቀብሯንም አላየሽ፣ እንዳትቀሪ" አለኝ። ምን ለብሼ እንደምሄድ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ቅዳሜ ጧት ሚኒባስ ይዤ ጎረቤላ ወረድኩ። ከዓርብ ጀምሮ ከውሃ በቀር የቀመስኩት ነገር የለም። ከከተማው ወጥቼ ቁልቁለቱን ስጀምር ፀሐይ ነበረች። ትንሽ እንደሄድኩ ከቆላው በኩል ጉሙ ወጣ። የአንኮበር ጉም ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ገደሉን ሞልቶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚቆመው። ከእግሬ በታች ካለው ድንጋይ በቀር የሚታየኝ ጠፋ። እግሬም የራሴ አልመስል አለኝ፤ ቅልል ብሎኛል። ተንሳፍፌ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። "እንደምን ዋሉ አባቴ?" ልል አፌን ብከፍት ድምፄ አልወጣም፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሰውዬው መጀመሪያ ካፖርቱን አዩ። ቀጥሎ ፊቴን አዩ። ከመንገዱ ወርደው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙና አማተቡ፤ እስካልፍ ድረስ አልተነፈሱም። አህያቸው ብቻዋን ስትሄድ እንኳ አልተከተሏትም።

"ምን ሆነው ነው?" አልኩ በልቤ።

ዝቅ ብሎ ምንጭ አለ። አንዲት ሴት ጀሪካኗን እየሞላች ነበር። የእግሬን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። "ወይ እመቤቴ!" ብላ ጀሪካኑን እንደከፈተችው ጥላ ሮጠች። ውሃው መንገዱ ላይ እየፈሰሰ ጉሙ ውስጥ የእግሯን ዳናና "እመቤቴ! እመቤቴ!" የሚለውን ድምጿን ብቻ ሰማሁ።

ይኼኔ ፈራሁ። ከኋላዬ የሚያስፈራ ነገር ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ምንም የለም፤ ጉም ብቻ። የሚያስፈራው ነገር እኔ መሆኔ በፍጹም አልመጣልኝም።

ወዲያው ቡቺ መጣ። ቡቺ የአስካለ ውሻ ነው፤ ክፉ ነው፣ እኔን ጥርሱን ሳያሳየኝ ያሳለፈበት ቀን የለም። አልጮኸም። አጠገቤ ደርሶ የካፖርቱን ጫፍ አሸተተ፣ እጄን አሸተተ፤ ከጉሮሮው አንድ ቀጭን ድምፅ አወጣና ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከቶ ፊት ፊቴን ይመራኝ ጀመር። አስካለ ፀሐይ ትሞቅበት የነበረው የግድግዳ ጥግ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞር ብሎ አየኝ፤ እንድቀመጥ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሳልቀመጥ ሳልፍ እዚያው ቀረ፤ አልተከተለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ቀብር ያመለጠው ሰው መጀመሪያ ወደ ሐዘን ቤት ሲገባ ከሩቅ ጀምሮ ጮክ ብሎ እያለቀሰ ነው። ድምፁ ቀድሞት ይገባል። ቤተኛው በድምፁ ማን እንደመጣ ያውቅና ተነስቶ አብሮት ያለቅሳል። ዓመትም ቢያልፍ ደንቡ ይኼው ነው። ዝም ብሎ የሚገባ ዘመድ የለም።

ዳሱ በጉሙ ውስጥ ሲታየኝ ላለቅስ ትንፋሽ ሳብኩ። "እህቴን! አስካልዬን!" ልል ነበር። የወጣው ግን እንደ በር ሲጥ ማለት ያለ ነገር ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደረቴ ውስጥ ትንፋሽ የለም። እንባም የለም። ስለዚህ ዝም ብዬ ገባሁ።

ዳሱ ሙሉ ነበር። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሰዉ ሊበላ ተቀምጧል። ከጉሙ ውስጥ፣ ሟቿን በመሰለ ፊት፣ በሟቿ ካፖርት፣ በሙት ዓመቷ ቀን፣ ያለ ልቅሶ ገብቼ መሃል ላይ ቆምኩ።

አንድ ሰው እንጀራውን እንደጠቀለለ እጁ ባየር ላይ ቀረ። ከሴቶቹ በኩል አንድ ጩኸት ተነሳ፤ "አስካለ! አስካለ ናት!" ወንበር ተገለበጠ፣ ሰሐን ተሰበረ። አብሮ አደጎቼ፣ በልጅነቴ ያዘሉኝ ሴቶች፣ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ከፊቴ ሸሹ። "እኔ ነኝ" አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም። ዳሱ መዞር ጀመረ። መሬቱ መጣብኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ተኝቻለሁ። ከውጭ ሰው ይጨቃጨቃል።

"ዓመቷን ጠብቃ መጣች! ነፍሷ አላረፈችም!" ትላለች አንዷ ሴት።

"ኧረ ዝም በሉ! የወንድሜ ልጅ ብዙነሽ ናት እኮ! ካፖርቱን የላክሁላት እኔ ነኝ" ይላል ጋሼ ጌታነህ።

"የምን ብዙነሽ? ብዙነሽ ወፍራም አይደለችም እንዴ?"

"እኔም እኮ እሱን ነው የማላውቀው" አለ ጋሼ ጌታነህ።

"እስቲ ጸበሉን አምጡ" የሚል የቄስ ድምፅ ሰማሁ። "ሰውም ትሁን ሌላ፣ ጸበል አይጎዳትም።"

አጠገቤ ሰው አለ። እምዬ ናት፣ አያቴ፣ የአስካለ እናት። ሞራ ዓይኗን ከጋረደው ቆይቷል፤ የምታየው በእጇ ነው። ጣቶቿ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ወደ አንገቴ ወጡ፣ ጉንጬ ላይ ቆሙ፣ ወርደው የእጄን አንጓ ያዙ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አንጓዬን ዞረው ተገናኙ፤ አልፈውም ተደራረቡ። እምዬ አንጓዬን አልለቀቀችም።

"አስካልዬ" አለችኝ።

"እምዬ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"አትናገሪ። ድካም ነው" ብላ ወደ ጎኗ ዞረች። ጆሮው የተሰበረ የሸክላ ኩባያ አነሳች። አጥሚት ነበር፤ ትኩስ፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ማንኪያውን ሞልታ ወደ አፌ አመጣችው። "ዛሬስ ትውጪልኛለሽ የኔ ልጅ? አንድ ብቻ።"

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ እኔን እንደ ሙት ፈርቶኛል፤ እኔ ደግሞ የፈራሁት ማንኪያውን ነበር። የማስበው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? "ማር አለው" ነው ያልኩት በልቤ። "ይሄን ከዋጥኩ ካፖርቱ አይቆለፍም።" ከንፈሬን ገጠምኩ። ራሴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

የእምዬ እጅ ባየር ላይ ቀረ። ከማንኪያው ጠብታው መደቡ ላይ ይንጠባጠባል። "እንዲሁ ነበር ፊቷን የምታዞረው" አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለራሷ ነው። "ልክ እንዲሁ፣ ወደዚሁ ግድግዳ።"

ግድግዳውን አየሁ። ጭቃው አንድ ቦታ ላይ ለስልሷል፤ የሰው ግንባር ሲደገፈው የከረመ ቦታ። ግንባሬ ልክ እዚያ ላይ አርፎ ነበር።

አምላኬን! የዚያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት በምን ቃል ልንገራችሁ? ሞት ተራዬን አስይዞ ቦታዬን አዘጋጅቶ የቆየኝ መሰለኝ። ተንፈራግጬ ዞርኩና አፌን ከፈትኩ። እምዬ ማንኪያውን ከተተችው። ጉሮሮዬ አልቀበልም አለ፣ ተናነቀኝ፣ እንባዬ መጣ። ዋጥኩት።

የእምዬ መዳፍ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ሲወርድ ተሰማት።

"ወረደ" አለች በቀስታ። ደግማ ሰጠችኝ። "ወረደ!" ድምጿ ተሰበረ። ጎኔ ላይ ተደፍታ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ጋሼ ጌታነህና ቄሱ ሮጠው ገቡ፤ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ለቅሶዋን ጨርሳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና "ብዙነሽ" አለችኝ።

"ታውቂኝ ነበር?" አልኳት።

"ልጄን በእጄ ገንዤ እንዴት አላውቅ? ካፖርቱን ስዳስስ ግን ለአንድ አፍታ መጣችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።" አንጓዬን እንደገና ያዘች፤ አሁን ጠበቅ አድርጋ። "ስሚኝ። አስካለ መብላት ፈልጋ ነው የሞተችው። ጉሮሮዋ ተዘግቶ የጎረቤት ወጥ ሲሸታት ታለቅስ ነበር። አንድ ጉርሻ መዋጥ ብትችል ኖሮ ዛሬም እዚህ ነበረች። አንቺን ግን ማን ከለከለሽ?"

"ጾም ነው" ልል አሰብኩ፤ ቄሱ በሩ ላይ ቆመዋል። ወንበር አብሮኝ ተነሳ ብዬ እንዴት ልናገር? "ማንም" አልኩ።

"ማንም" ብላ ደገመችው። "እንግዲያው ብይ።"

ኋላ ላይ ሰዉ ሲረጋጋ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጋሼ ጌታነህን "አጥሚቱን ለማን ነበር ያፈላችሁት?" አልኩት። በሙት ዓመት ድግስ አጥሚት አይሠራም፤ በቤቱ ውስጥ በሽተኛም አራስም አልነበረም። ትከሻውን ነቀነቀ። "እምዬ ናት ጧት ያስጣደችው። 'ለማን ነው?' ስንላት 'እኔ እንጃ፣ ብቻ ጣዱት' አለችን" አለኝ። እምዬን ስጠይቃት ነገሩን ገፋ አድርጋ ስለ ዝናቡ አወራችኝ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋት።

እዚያው ከረምኩ ማለት ይቻላል፤ መመለስ የቻልኩት በእግሬ መቆም ስችል ነው። ደብረ ብርሃን ተመልሼ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ደሜን አይታ "ልብሽ እንዴት እንደቻለው አላውቅም" አለችኝ። መዳኑ እንደ ተረት በአንድ ማንኪያ አልሆነልኝም፤ ለብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ጉርሻ በግድ ነው የዋጥኩት፤ ዛሬም መስታወት ፊት ክፉ ቀን አለኝ። ግሩፑ ውስጥ ግን የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላቸው፤ ፀጉሬን፣ የወር አበባዬን፣ ግድግዳውን። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልመለሰም። ማታ ላይ ሰናይት ለብቻዬ ጻፈችልኝ፦ "ብዙዬ፣ የኔም ከቀረ ቆይቷል። ለማንም አልተናገርኩም። አብረሽኝ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ?" ሄድን።

ክፍል ስመለስ ከዘበኛው ክፍል መጻፊያ ጣውላ የሌለው ወንበር ተሸክሜ ገብቼ ከፊት ተቀመጥኩ። መምህሩ አየኝ፤ አየሁት። ዞሮ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ "ጾም ነኝ" ብላችሁ ሰው ሳያይ ሰሐኑን የምትገፉ፣ እኔ የምላችሁ የእምዬን ጥያቄ ነው፤ ማን ከለከላችሁ? መልሱ "ማንም" ከሆነ እባካችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ ለመናገር ሰው ሁሉ ከፊቴ እስኪሸሽ ጠበቅሁ።

ዘንድሮም ለአስካለ መታሰቢያ ወረድኩ። ካፖርቱ ዛሬ አይቆለፍልኝም፤ ክፍቱን ደርቤው ነበር። ጉሙ እንደ አምናው ገደሉን ሞልቶታል። ምንጩ ጋ ስደርስ፣ ለካ አስካለን እስከ ዛሬ አላለቀስኳትም አልኩ በልቤ። ትንፋሽ ሳብኩ፤ ደረቴ ሞላ። "አስካልዬን! እህቴን!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ገደሉን ዞሮ መጣ። ቡቺ ከሩቅ ሰምቶ እንደ ድሮው ይጮህብኝ ጀመር፣ እርጉም!

ከጉሙ ወዲያ፣ ከቤት ውስጥ፣ የእምዬ ድምፅ ተሰማኝ። "ተነሱ" ትላለች፤ "ብዙነሽ መጣች።"